ሾተላይና የ72 ሰዓቱ መርፌ

(በክሊኒካችን መጠበቂያ ክፍል ለባለትዳሮች ከተሰጠ የጤና ትምህርት የተወሰደ)

ወንበር ያላገኛችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ እዚህ ጋ አግዳሚው ላይ ቦታ አለ። ባሎችም ደጅ አትቁሙ፤ የዛሬው ትምህርት እናንተንም ይመለከታል። እንዲያውም ግማሹ የእናንተ ጉዳይ ነው።

እዚህ ክሊኒክ ውስጥ «መርፌ» ሲባል አብዛኞቻችሁ የምታስቡት የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ ነው። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ታስባላችሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሦስተኛ መርፌ ነው። ስሙ አንቲ-ዲ ይባላል። የሚያስፈልገው ለጥቂት እናቶች ብቻ ነው፤ ለእነርሱ ግን በጊዜው መሰጠቱና አለመሰጠቱ በሚቀጥለው ልጅ ላይ የሞትና የሕይወት ልዩነት ያመጣል።

ሦስቱን መርፌዎች በመጀመሪያ የለየሁላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ሦስተኛ እርግዝናዋን ይዛ እኔ ዘንድ ለክትትል መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ጤነኛ ነው። ሁለተኛው ግን በተወለደ በማግስቱ ሰውነቱ ቢጫ ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ካርዷን ስመለከት የደሟ ዓይነት «ኦ ነጌቲቭ» ይላል። «የመጀመሪያውን ስትወልጂ መርፌ ተሰጥቶሽ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «አዎን ሲስተር፣ ሁለት ጊዜ ክንዴ ላይ ተወግቻለሁ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ቆይቼ የድሮ ካርዷን ሳገላብጥ ግን ሁለቱም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሆነው አገኘኋቸው። እርሷ አልዋሸችም፤ መርፌ ተብላ ተወጋች። የወጋትም ባለሙያ ሥራውን ሠራ። ስለ ሦስተኛው መርፌ ግን ያነሣላት ሰው አልነበረም። የዚህችን እናት ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ሾተላይ የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ልጅ እየተወለደ ሲሞት፣ ወይም ፅንሱ አልጸና ሲል «ሾተላይ አለባት» ይባላል። ልብ በሉ፤ «አለባት» ነው የሚባለው። «አለባቸው» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። በዚህ ምክንያት የተፈታች ሴት፣ ከአማት ቤት የተባረረች ሴት፣ ሰው ልጅ ሲወልድ «ዓይኗ አያርፍበት» ተብላ ጥየቃ እንዳትሄድ የተከለከለች ሴት አውቃለሁ። በየቤቱ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚባሉ ልጆች አሉን፤ ከስማቸው በስተኋላ ብዙ ጊዜ አንድ የተቀበረ ታላቅ ወይም ታላቂት አለች።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሐዘን ውስጥ አንዱ ክፍል፣ ሁሉም ሳይሆን አንዱ ክፍል፣ የእናትና የፅንስ ደም አለመስማማት ነው። ልጅ እየተወለደ የሚሞተው በሌላም ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በቂጥኝ፣ በስኳር በሽታ፣ በደም ግፊት፣ በምጥ መራዘም፣ በልዩ ልዩ ተላላፊ በሽታዎች። ስለዚህ ልጅ የሞተባት እናት ሁሉ አንቲ-ዲ ቢሰጣት ይፈወሳል ማለት አይደለም። የደም ምርመራው መጀመሪያ መደረግ ያለበት ለዚሁ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። የሰው ደም ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ ተብሎ እንደሚከፈል ታውቃላችሁ። ይህን የደረሰበት ካርል ላንድስታይነር የተባለ ኦስትሪያዊ ሐኪም ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1901 ነው። ይኸው ሰው ከአሌክሳንደር ዊነር ጋር ሆኖ በ1940 ሌላ መለያ አገኘ፤ ጥናቱ የተደረገው ሬሰስ በምትባል ጦጣ ደም ስለነበር መለያው አር ኤች ተባለ። ይህ መለያ በደሙ ላይ ያለበት ሰው «ፖዘቲቭ» ይባላል፤ የሌለበት «ነጌቲቭ» ነው። በአገራችን አብዛኛው ሰው ፖዘቲቭ ነው፤ ነጌቲቭ የሆነው ከ100 ሰው ከ10 ያንሳል። ነጌቲቭ መሆን በሽታ አይደለም። ደሙ የተበላሸ ወይም የጎደለ ማለትም አይደለም። ሰው ነጌቲቭ ሆኖ ተወልዶ ሽምግልና ድረስ ምንም ሳይሰማው ይኖራል።

ከ1940 አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኒው ዮርክ ውስጥ ፊሊፕ ሌቪንና ሩፉስ ስቴትሰን የተባሉ ሐኪሞች የአንዲት እናት ታሪክ አሳትመው ነበር። ይህች እናት የሞተ ልጅ ወለደች። ደም ስላነሳት የባሏን ደም ሰጧት፤ ሁለቱም ኦ ስለነበሩ ይስማማል ተብሎ ታመነ። ሆኖም ደሙ ሲገባ ሰውነቷ ክፉኛ ታወከ። ሐኪሞቹ ግራ ገብቷቸው ሲመረምሩ፣ ፅንሱ ከአባቱ የወረሰው አንድ ነገር በእርግዝናው ጊዜ ወደ እናቲቱ ደም ገብቶ ሰውነቷን አስቆጥቶት ይሆናል ብለው ጻፉ። ትክክል ነበሩ። እንግዲህ ያቺ ሴት አገሯ እዚህ ቢሆን ኖሮ ምን ትባል እንደነበር ታውቃላችሁ።

የሰውነታችንን መከላከያ እንደ ሰፈር ዘበኛ ቁጠሩት። ማታ አንድ እንግዳ ሰው ድንገት በበሩ ሲያልፍ ዘበኛው አያውቀውም፤ እስኪያጣራ ሰውየው አልፎ ይሄዳል። መልኩን ግን ይይዘዋል። በሌላ ማታ ያው መልክ ያለው ሰው ቢመጣ ዱላውን ይዞ ይጠብቀዋል። እናቲቱ ነጌቲቭ ሆና አባትየው ፖዘቲቭ ከሆነ ልጁ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። ፖዘቲቭ የሆነ የልጁ ደም ጥቂት ጠብታ ወደ እናት ሲገባ ሰውነቷ «ይህ ደም የእኔ አይደለም» ብሎ መልኩን ይይዛል፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውን መሣሪያ ያዘጋጃል። ደሙ በብዛት የሚቀላቀለው በወሊድ ጊዜ፣ እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይነካው ይወለዳል። ዱላው የሚያርፈው በሁለተኛው ላይ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የፅንሱን ቀይ ደም ይሰባብረዋል። ፅንሱ ደም ያንሰዋል፤ ሲብስበት ሰውነቱ አብጦ ማህፀን ውስጥ ይሞታል። በሕይወት ቢወለድም የተሰባበረው ደም ቢጫ ሆኖ በሰውነቱ ይጠራቀማል፤ ወደ አንጎል ከገባም ሞትን፣ መደንቆርን፣ የአካል መሽመድመድን ያመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ነጌቲቭነቷ ነው ልጁን የገደለው» የሚል ባል፣ «ፖዘቲቭነቱ ነው» የምትል ሚስት ካላችሁ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ማንም መርጦ የተወለደበት ደም የለም። ባልየው ከአባቱም ከእናቱም ፖዘቲቭ ወርሶ ከሆነ ልጆቹ በሙሉ ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ ከአንዱ ብቻ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ልጅ ነጌቲቭ የመሆን እኩል ዕድል አለው። ከአንድ እናት ከተወለዱ ልጆች መካከል አንዱ ሞቶ አንዱ የሚተርፈው አንዳንዴ በዚህ የተነሣ ነው።

አንቲ-ዲ ምን ያደርጋል? እንግዳው በበሩ ሲያልፍ፣ ዘበኛው መልኩን ሳይዝ በፊት፣ እጁን ይዞ ከሰፈር ያስወጣዋል። ወደ እናት የገባውን የልጁን ደም የራሷ መከላከያ ሳይነቃ ያጠፋዋል ማለት ነው። ይህን ሐሳብ በ1960ዎቹ የሞከሩት በእንግሊዝ አገር ሊቨርፑል ሲረል ክላርክና ሮናልድ ፊን፣ በአሜሪካ ኒው ዮርክ ደግሞ ቪንሰንት ፍሪዳ፣ ጆን ጎርማንና ዊልያም ፖላክ ናቸው። በ1968 በአሜሪካ ለሕዝብ አገልግሎት ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ፖዘቲቭ ልጆች ከወለዱ ነጌቲቭ እናቶች ከ100 ወደ 16 የሚሆኑት ሰውነታቸው ይነቃ ነበር። ከወሊድ በኋላ መርፌው ሲሰጥ ይህ ቁጥር ወደ 2 ወረደ፤ በእርግዝና ወቅት አንድ ጊዜ ሲጨመር ደግሞ ከ1 በታች ሆነ።

መድኃኒቱ የሚሠራው ከሰው ደም ነው፤ ይህን የምነግራችሁ ሳልደብቅ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ በደማቸው ያለ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚለግሱት የደም ውሃ ተጣርቶ ነው የሚዘጋጀው። ጄምስ ሃሪሰን የሚባል አውስትራሊያዊ በ14 ዓመቱ የሳንባ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ብዙ ደም ተሰጥቶት ዳነ፤ ለአካለ መጠን ሲደርስ ውለታውን ለመመለስ ደም መለገስ ጀመረ። በደሙ ውስጥ ይህ አካል በብዛት መኖሩ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 በ81 ዓመቱ እስኪያቆም ድረስ 1,173 ጊዜ ለግሷል። የሚገርማችሁ መርፌ የሚፈራ ሰው ነበር፤ ሲወጉት ፊቱን ያዞር ነበር። በ2025 ዐረፈ።

«ከሰው ደም ከተሠራ በሽታ አያስተላልፍም ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄው ተገቢ ነው። በአየርላንድ በ1977 እና በ1979 መካከል ለእናቶች የተሰጠ አንቲ-ዲ ሄፓታይተስ ሲ በሚባል የጉበት በሽታ ተበክሎ እንደነበር በ1994 ተደርሶበታል፤ ብዙ እናቶች ተጎድተዋል። ከዚያ ወዲህ ለጋሾች ለኤች አይ ቪና ለጉበት ቫይረሶች ይመረመራሉ፤ መድኃኒቱም ቫይረስ በሚገድልና በሚያጣራ ዘዴ ያልፋል። ዛሬ ፈቃድ ካለው ፋብሪካ የወጣ፣ ፈቃድ ባለው መድኃኒት ቤት የተሸጠ አንቲ-ዲ ከዚህ አንጻር እምነት የሚጣልበት ነው። በሻንጣ ከውጭ የመጣ፣ ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ፣ «ዘመድ አምጥቶልኝ ነው፣ በርካሽ ውሰጂው» የሚባል ከሆነ ግን አትንኩት። የት እንደቆየ፣ ስንት ቀን ፀሐይ እንደመታው አይታወቅም።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። የመጀመሪያው ሥራ የደም ምርመራ ነው። ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ለመጀመሪያ ክትትል ስትመጣ የደም ዓይነቷ ከነአር ኤቹ መታወቅ አለበት። «ኦ ነኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ነጌቲቭ ወይስ ፖዘቲቭ ነው ዋናው። ነጌቲቭ ከሆነች ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ቀድሞ በደሟ ተፈጥሮ እንደሆነ ይመረመራል፤ ኩምብስ የሚባል ምርመራ ነው። ሁለተኛ፣ ባልየው ይመረመራል። ባሎች፣ ይህ የጣት ወይም የክንድ ጠብታ ደም ነው፤ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። እርሱም ነጌቲቭ ከሆነ ልጁም ነጌቲቭ ስለሚሆን መርፌው አያስፈልግም።

እዚህ ጋ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለእህቶች የምናገረው አለ። ስለ ፅንሱ አባት ለባለቤትሽ ያልነገርሽው ነገር ካለ፣ የባልን የደም ውጤት ይዘሽ «አያስፈልገኝም» ብለሽ አትቅሪ። ነርሷን ለብቻዋ አናግሪያት። የእርሷ ሥራ ያንቺንና የሕፃኑን ጤና መጠበቅ ነው፤ ምክንያቱን ሳታወጣ መርፌውን ልታዝዝልሽ ትችላለች።

ምርመራው ፀረ እንግዳ አካል የለም ካለ፣ በብዙ አገሮች መርፌው በ28ኛው ሳምንት ማለትም በሰባተኛው ወር ገደማ አንድ ጊዜ ይሰጣል። ቀጥሎ ከወሊድ በኋላ የሕፃኑ ደም ተመርምሮ ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለማግኘት አቅም ካላችሁ፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈጽሞ እንዳያመልጣችሁ።

72 ሰዓት ረጅም ይመስላል፤ አይደለም። ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት የወለደች እናት ጊዜዋ የሚያበቃው ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ነው። በመካከሉ እሑድ አለ። ላቦራቶሪው ሊዘጋ፣ መድኃኒት ቤቱ «ሰኞ ከሰዓት ይመጣል» ሊል ይችላል። እናቲቱም ጤነኛ ከሆነች በማግስቱ ወደ ቤቷ ትሸኛለች፤ ቤት ደግሞ ገንፎው ይገነፋል፣ ጠያቂ ይመጣል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ መርፌው ይረሳል። ስለዚህ የሕፃኑን የደም ውጤት ሳታውቁ ከማዋለጃ ክፍል አትውጡ። ይህ የባል ሥራ ነው። አራሷ ደክማለች፤ እርሷን አታስጠይቁ። አዋላጇን «የልጁ ደም ተወስዷል? ውጤቱ ምንድን ነው?» ብላችሁ እናንተ ጠይቁ፤ ሁለቴ ቢሆንም አትፈሩ። ሦስቱ ቀን ያለፈበት ሰው ቢኖር ደግሞ «አለቀልን» ብሎ አይቅር። እስከ 10 ቀን ድረስ ቢሰጥ ጥቂትም ቢሆን ሊጠቅም ስለሚችል ፈጥኖ ይምጣ።

መርፌው የሚያስፈልገው ለወሊድ ብቻ አይደለም። ከማህፀን ውጭ ያረገዘች፣ በእርግዝናዋ መካከል ደም የፈሰሳት፣ ሆዷን የተመታች ወይም የወደቀች፣ ነጌቲቭ የሆነች ነፍሰ ጡር ቶሎ መታየት ይገባታል። ፅንሱ ተገልብጧል ተብሎ ሆድ መታሸትም ከዚሁ ይቆጠራል፤ በዚህ ጉዳይ ታሽታችሁ እንደሆነ ሳታፍሩ ንገሩን። ስለ ውርጃ በተለይ ላስረዳ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ከ12 ሳምንት በታች ለሆነ ውርጃ መርፌው እንዳይሰጥ ይመክራል፤ ከ12 ሳምንት በላይ ለሆነው ግን ይሰጣል። ሳምንቱን ለማወቅ የመጨረሻ የወር አበባ የታየበትን ቀን መያዝ ይጠቅማል። ፅንስ የጨነገፈባት እናት ብዙ ጊዜ ቤቷ ተኝታ ታለቅሳለች እንጂ ወደ ክሊኒክ አትመጣም። ሰውነት የሚነቃው ግን እንዲህ በዝምታ ሲታለፍ ነው።

መድኃኒቱን ከውጭ ፋርማሲ ግዙ ስትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? በብዙ ቦታ እንዲህ ይሆናል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሰባተኛ ወር ሳይገባ በዕቁብም ይሁን በሌላ መንገድ ለብቻው አስቀምጡለት። ለክርስትናውና ለአቂቃው ድግስ ከመቆጠቡ በፊት ለዚህ ይቆጠብ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የትኛው መድኃኒት ቤት እንዳለው አስቀድማችሁ አጣሩ።

ሲሸጥላችሁ ብልቃጡ ወይም የተሞላው ስሪንጅ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ። ከመደርደሪያ ላይ ተነሥቶ ከተሰጣችሁ አትቀበሉ። የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው፤ በረዶ መሆን ግን የለበትም። አንዴ የረጋ አንቲ-ዲ ቢቀልጥም ተበላሽቷልና አይሰጥም። እንግዲህ ከፋርማሲ ወደ ጤና ድርጅቱ ስትወስዱት፣ በረዶ ባለበት ሰፊ አፍ ፔርሙዝ ወይም ሣጥን ውስጥ፣ በመካከሉ ጨርቅ አድርጋችሁ፣ በረዶው ብልቃጡን እንዳይነካው አድርጉ። በኪስ ወይም በጡት መያዣ ውስጥ አታስቀምጡት። ቤት ማሳደርም አልመክርም፤ መብራት ይጠፋል፣ ልጅ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ይተወዋል። ገዝቶ በቀጥታ ወደ ጤና ድርጅቱ መውሰድ ይሻላል።

መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የምታጣሩት ጥቂት ነገር አለ። በማሸጊያው ላይ «አንቲ-ዲ» የሚል ይኑርበት፤ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባሉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፣ ለመንጋጋ ቆልፍ የሚሰጥም አለ። ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። መጠኑ ብዙውን ጊዜ 300 ማይክሮግራም፣ በሌላው መለኪያ 1500 ዩኒት ነው፤ ከዚያ ያነሰ ብልቃጥም ስለሚሸጥ ሐኪሙ ከጻፈው ጋር ይመሳከር። መንታ የወለደች፣ በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም እንግዴ ልጁ በእጅ የወጣላት እናት ብዙ የልጅ ደም ገብቶባት ሊሆን ስለሚችል ተጨማሪ ሊታዘዝላት ይችላል። ፈሳሹ ከደፈረሰ ወይም ዝቃጭ ካለው ይመለስ። አዲስ ስሪንጅ ከነማሸጊያው ፊታችሁ ይከፈት፤ ይህን ብትጠይቁ ባለሙያው ሊቆጣ አይገባውም።

የሚወጋው ጡንቻ ላይ ነው፤ ክንድ ላይ ቢሆን ይመረጣል። እኛ አገር መርፌ ሲባል ቀሚስን ገለጥ አድርጎ መቀመጫን ማቅረብ ልማድ ሆኗል። እዚያ ያለው ስብ መድኃኒቱን ስለሚያዘገየው ለዚህኛው አይመከርም። በደም ሥር የሚሰጥ ዓይነትም አለ፤ ነገር ግን ሁሉም አይደለም፤ ለጡንቻ ብቻ የተሠራውን በደም ሥር መስጠት አደገኛ ነው። ከተወጋችሁ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ተቀመጡ። የተወጋው ቦታ ማመሙ፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ራስ ምታት የተለመደ ነው። ሰውነት ማሳከክና መንደብደብ፣ የፊት ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ወዲያው ተናገሩ፤ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም የአለርጂ ምልክት ነው። ቀድሞ ደም ወይም ከደም የተሠራ መድኃኒት ወስዳችሁ ሰውነታችሁ ታውኮ ከነበረ ከመወጋታችሁ በፊት ንገሩ። መርፌው ለእናት ነው፤ ለሕፃኑ ፈጽሞ አይሰጥም። ፖዘቲቭ ለሆነ ሰውም ለዚህ ዓላማ አይሰጥም።

ጡት ማጥባት አይከለክልም። የወሊድ መከላከያ አለመሆኑን ግን ላስጠንቅቅ፤ ሁለት እናቶች እንዲያ መስሏቸው አርግዘው መጥተዋል። ነጌቲቭ በመሆናችሁ ምክንያት የሚከለከላችሁ የመከላከያ ዓይነት የለም፤ ኪኒኑንም፣ የሦስት ወሩንም፣ በክንድ የሚቀበረውንም፣ ሉፑንም እንደማንኛዋም እናት መምረጥ ትችላላችሁ። ሌላው፣ ለኩፍኝና ለሩቤላ የሚሰጠውን ክትባት የምትወስዱ ከሆነ አንቲ-ዲ መውሰዳችሁን ተናገሩ፤ ክትባቱ ሳይሠራ ሊቀር ስለሚችል ይዘገያል ወይም ኋላ ይጣራል።

መርፌው ከተሰጠ በኋላ ቀኑ፣ መጠኑና የመድኃኒቱ መለያ ቁጥር ካርዱ ላይ ይጻፍ። «መርፌ ተሰጥቷል» ብሎ መጻፍ በቂ እንዳልሆነ ከነገርኳችሁ እናት ተምሬያለሁ። ለሳምንታት ያህል የኩምብስ ምርመራ ብታደርጉ ከመድኃኒቱ የተነሣ «አለ» ሊል ይችላል፤ ላቦራቶሪው መወጋታችሁን ካላወቀ ሰውነታችሁ ነቅቷል ብሎ ይሳሳታል። ደግሞም አንድ መርፌ የሚያገለግለው ለአንድ እርግዝና ብቻ ነው። ወራት ሲያልፉ ከሰውነት ይወጣል። «በበኩሬ ጊዜ ወስጃለሁ» ብሎ ለሁለተኛው መተው እንዳልወሰዱ ያህል ነው።

ወደዚያች እናት ልመለስ። የኩምብስ ምርመራዋ ሰውነቷ ቀድሞ መንቃቱን አሳየ። አንዴ ከነቃ አንቲ-ዲ ምንም አይሠራም፤ ቢሰጥም ገንዘብ ማባከን ነው። ይህን ለእርሷ መንገር ከባድ ነበር፤ «ታዲያ ያን ጊዜ ቢሰጡኝ ኖሮ?» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ላክናት። ዛሬ ለእንዲህ ያሉ ፅንሶች ማህፀን ውስጥ እያሉ ደም መስጠት ይቻላል፤ ዊልያም ሊሊ የተባለ የኒው ዚላንድ ሐኪም በ1963 የጀመረው ነው፤ ሆኖም በየቦታው አይገኝም። እርሷ በቅርብ ክትትል ቆይታ ሳምንቱ ሳይሞላ አዋለዷት። ሕፃኑ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ቢጫ ሆነ፤ በልዩ መብራት ሥር አስተኙት፣ ደሙንም ቀየሩለት። ተርፏል። ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ የመስማት ችግር ግን አለበት።

በዚህ አጋጣሚ፦ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ዓይኑ ወይም ቆዳው ቢጫ የሆነ ሕፃን የጠዋት ፀሐይ ይሙቅ ተብሎ የሚቀመጥ አይደለም። በዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ሌሊትም ቢሆን።

አሁን ጥያቄ። እዚያ ኋላ ያሉት አባት «እኔ ነጌቲቭ ነኝ፣ ባለቤቴ ፖዘቲቭ ናት፤ ምን እናድርግ?» ብለዋል። ምንም። ችግሩ የሚመጣው እናት ነጌቲቭ ስትሆን ብቻ ነው፤ እርስዎ ግን ካርድዎን በኪስዎ ይያዙ፤ ደም ቢያስፈልግዎ ይጠቅምዎታል። ሴት ልጅ ካለችዎ ደግሞ የእርሷም ይታወቅ፤ ነጌቲቭ የሆነች ልጅ ተሳስተው ፖዘቲቭ ደም ቢሰጧት ገና ሳታገባ ሰውነቷ ሊነቃ ይችላል።

ሌላዋ እህት፣ «መጀመሪያዬ ነው፣ የመጀመሪያው አይነካም ብለሻል፤ ታዲያ ለምን እመረመራለሁ?» ትላለች። መርፌው የሚሰጠው ለሚመጣው ልጅ ነው። ለዚህኛው ደግሞ፣ ከዚህ በፊት ሳያውቁት የጨነገፈ ወይም የተሰጠ ደም ካለ የመጀመሪያው የሚባለው በሰውነት ዘንድ ሁለተኛ ሊሆን ይችላል።

ካርዶቻችሁን እስቲ አውጡና እዩ። «የደም ዓይነት» ከሚለው ጎን ፊደሉ ብቻ ተጽፎ ፖዘቲቭ ወይም ነጌቲቭ የሚለው ከጎደለ፣ ወረፋችሁን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ በኮሪደሩ መጨረሻ በስተግራ ወዳለው ላቦራቶሪ ሂዱ። ባሎችም አብራችሁ ሂዱ።